ክፉ ወሬ ለሚሰማ ሰው የሚሆን ቤተ መጻሕፍት፦ የሰፋሪያ ግምገማ

ሰፋሪያ የአይሁድን ቅዱሳት መጻሕፍት ከነማብራሪያዎቻቸው ያለ ክፍያ የሚያቀርብ የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጋዜጠኛው ጆሹዋ ፎርና ቀድሞ በጉግል ይሠራ የነበረው ብሬት ሎክስፓይዘር በ2011 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ኦሪትን፣ ነቢያትን፣ ሚሽናን (የጥንት መምህራን የቃል ሕግ ስብስብ) እና ታልሙድን (በሚሽና ላይ የተደረገውን ሰፊ የመምህራን ውይይት)፣ በየዘመኑ ከተጻፉ ትርጓሜዎች ጋር፣ በድረ ገጽም በስልክ መተግበሪያም ማንበብ ይቻላል። እኔ አገልግሎቱን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የሚያስደነግጥና ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ሌሊትና ቀን በስልካችን በሚገባበት በዚህ ጊዜ፣ እነዚህ መጻሕፍት ወሬ ሰሚውን ምን ያዙታል? ሰፋሪያስ መልሱን ለማግኘት ምን ያህል ይረዳል?

ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 40 ልጀምር። ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ የባቢሎን ንጉሥ በይሁዳ የቀረውን ሕዝብ እንዲያስተዳድር ጎዶልያስን ሾሞት ነበር። የቃሬያ ልጅ ዮሐናን ወደ ምጽጳ መጥቶ የናታንያ ልጅ እስማኤል ሊገድለው እንደተላከ ነገረው፤ ጎዶልያስ ግን በእስማኤል ላይ ሐሰት ተናገርህ ብሎ መለሰው። ሐሜትን አለመቀበል የሚያስመሰግን ጠባይ ነውና አንባቢው መጀመሪያ ላይ ለጎዶልያስ ማድላቱ አይቀርም። በምዕራፍ 41 ግን እስማኤል አብሮት እንጀራ ከበላ በኋላ ገደለው፤ ከሴኬም፣ ከሴሎና ከሰማርያ መባ ይዘው ከመጡት 80 ሰዎችም አሥሩን ብቻ አስቀርቶ የቀሩትን አርዶ ሬሳቸውን በጉድጓድ ጣለ። አይሁድ ከአዲስ ዓመታቸው በዓል ቀጥለው የሚጾሙት የጎዶልያስ ጾም የዚህ መከራ መታሰቢያ ነው።

የሰፋሪያ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድን ቁጥር ሲነኩት በጎን በኩል ዓምድ ይከፈትና ያንን ቁጥር የሚጠቅሱ ማብራሪያዎች፣ የታልሙድ ገጾችና ሌሎች መጻሕፍት ተዘርዝረው ይቀርባሉ። የምዕራፍ 41 ቁጥር 9 በታልሙድ ኒዳ በተባለው ክፍል፣ በገጽ 61 ላይ ተነሥቷል። ዕብራይስጡ ሰዎቹ በጎዶልያስ እጅ እንደሞቱ አድርጎ ስለሚናገር፣ መምህራኑ የገደላቸው እስማኤል አይደለምን ብለው ይጠይቃሉ። የሚሰጡትም መልስ፣ ጎዶልያስ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ መጠንቀቅ ሲገባው ስላልተጠነቀቀ መጽሐፉ እርሱ እንደገደላቸው ቆጠረበት የሚል ነው። ራቫ የተባለው መምህር ከዚህ ተነሥቶ ክፉ ወሬን አምኖ መቀበል ባይገባም መጠንቀቅ ግን ይገባል ሲል ደነገገ። ወዲያው የሚቀጥለው ታሪክ ደግሞ ነገሩ በተግባር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ሰው ገደሉ ተብሎ የተወራባቸው የገሊላ ሰዎች ረቢ ታርፎንን ደብቀን ብለው ለመኑት። እርሱም ባልደብቃችሁ ያገኟችኋል፤ ብደብቃችሁ ደግሞ ጠቢባን ከወሬው ተጠንቀቁ ብለዋል፤ ስለዚህ ሄዳችሁ ራሳችሁን ደብቁ አላቸው። አልፈረደባቸውም፤ አሳልፎም አልሰጣቸውም፤ ራሱን ግን በነገሩ ውስጥ አላስገባም። ይህን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ወሬን ወይ ማመን ወይ መጣል ብቻ ለሚመስለን ለብዙዎቻችን ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ጽሑፍ አላውቅም።

የታልሙዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም አቀራረብም ምስጋና ይገባዋል። ከ2017 ጀምሮ በነፃ የተለቀቀው ይህ ትርጉም ጥንታዊውን ቃል በደማቅ ፊደል፣ ተርጓሚው ለማብራራት የጨመረውን ደግሞ በቀጭን ፊደል ያትማል። አንባቢው የቱ የመጽሐፉ ቃል፣ የቱ የኋላ ሰው ጭማሪ እንደሆነ በዓይኑ ይለያል። በየቀኑ የሚደርሱን ዜናዎችም የታየውንና የተገመተውን እንዲህ ለይተው ቢያቀርቡልን ምንኛ በጠቀመን!

በኦሪት ዘዳግም 13 አንድ ከተማ ወደ ጣዖት ዞረ የሚል ወሬ ቢሰማ መመርመር፣ መፈለግና አጥብቆ መጠየቅ ታዝዟል። ዓምዱ ከዚያ ወደ ሚሽና ሳንሄድሪን ምዕራፍ 5 ይመራል፤ በዚያም ምስክር የሚጠየቃቸው ሰባት ጥያቄዎች አሉ፦ በየትኛው የሰባት ዓመት ዙር፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ ወሩ በገባ በስንተኛው ቀን፣ ከሳምንቱ በየትኛው ዕለት፣ በስንት ሰዓትና በየትኛው ስፍራ። ቤን ዘካይ የተባለው መምህር ምስክሮችን ስለ በለስ ፍሬ ጭራ ሳይቀር እንደመረመረም ተጽፏል። ቀን የሌለውን ቪዲዮና ቦታው ያልተነገረውን ፎቶ አንድ ሰው ከማጋራቱ በፊት ከእነዚህ ሰባቱ ሁለቱን እንኳ ቢጠይቅ ብዙ ድንጋጤ ይቀር ነበር።

ወሬው እውነት ሆኖ ሲገኝስ? ሚሽና በራኮት ምዕራፍ 9 ክፉ ዜና የሰማ ሰው እውነተኛውን ዳኛ እንዲባርክ ያዝዛል፤ ወደ ከተማ ሲገባ ጩኸት ሰምቶ በቤቴ አይሁን ብሎ የሚጸልይ ሰው ግን የሆነውን ሊመልስ ስለማይችል ጸሎቱ ከንቱ ነው ይላል። የነህምያ ታሪክ ከዚህ ጋር አብሮ ቢነበብ መልካም ነው። ቤተ እስራኤል በስግድ በዓል ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ለብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ቅርብ ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ከአናኒ በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡን አስፈቅዶ ከተማይቱ ከደረሰ በኋላም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ መረመረ። ሐዘኑ ከማጣራት አልከለከለውም።

አገልግሎቱ ጉድለቶችም አሉበት። ገጹ የሚሠራው በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሁለቱንም የማያነቡ እናትና አባቶቻችን ብቻቸውን ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ እኔም የአማርኛውን መጽሐፍ ከጎኔ አድርጌ ነው ያነበብኩት። የመዝሙራት ቁጥርም ይለያያል፤ ጻድቅ ከክፉ ወሬ አይፈራም የሚለው በሰፋሪያ 112 ሲሆን በዳዊታችን 111 ነው። በዓምዱ የሚዘረዘሩት ማያያዣዎች አንዳንዴ እጅግ ስለሚበዙ ጀማሪን ግራ ያጋባሉ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ተጠቃሚዎች ራሳቸው ጥቅስ አሰባስበው የሚያትሟቸው የጥናት ገጾች ናቸው። መለያ የከፈተ ሁሉ ሊያዘጋጃቸው ስለሚችል፣ ጥቅሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ከዐውዱ ተነጥሎ ላልተባለ ነገር ማስረጃ ሊደረግ ይችላል። እነዚህ ገጾች ከዋናው ጽሑፍ ይበልጥ ተለይተው ቢታዩ እመርጣለሁ፤ እስከዚያው ድረስ አንባቢው የተጠቀሰውን ቁጥር ከፍቶ ከላይና ከታች ያለውን ማንበብ ይኖርበታል።

እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ለሚያነብ ሰው፣ በተለይም በእስራኤል ላደጉ ወጣቶቻችን፣ ሰፋሪያን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለመጀመር ኤርምያስ 40 እና 41፣ ኒዳ ገጽ 61 እና ሳንሄድሪን ምዕራፍ 5 ይበቃሉ። መተግበሪያው መጻሕፍትን አስቀድሞ ለማውረድ ስለሚፈቅድ፣ ኢንተርኔቱን ዘግቶ ማንበብ ይቻላል።