ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ስለ ብሉስክሪንቪው

ዊንዶውስ 11 ከተጫነበት ወዲህ ኮምፒውተራችሁ በየመሃሉ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ የሚዘጋባችሁ ከሆነ ይህን ግምገማ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ስሟ ብሉስክሪንቪው ይባላል። የሠራት ኒር ሶፈር የሚባል ፕሮግራመር ሲሆን የምትገኘውም ኒርሶፍት በተባለው ድረ ገጹ ላይ ነው። ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልግም። ዚፑን ፈትታችሁ ከፍላሽ ላይ እንኳ ልትከፍቷት ትችላላችሁ።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የጥቂት ሱቆችንና የአንድ ማተሚያ ቤትን መዝገብ እይዛለሁ። ላፕቶፔ ላይ ፒችትሪ አለ፣ ፓወር ግዕዝ አለ፣ የየደንበኛው ደረሰኝ ስካን ተደርጎ በየፎልደሩ ተቀምጧል። ለእንደኔ ዓይነት ሰው ፎርማት ቀላል ነገር አይደለም። ፒችትሪን እንደገና መጫን፣ የየድርጅቱን ዳታ ከባክአፕ መመለስ፣ ፎንቱን፣ ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን አንድ በአንድ ማስተካከል አለ። የቫት ማሳወቂያ ሰሞን ከሆነማ ጭንቅ ነው።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025። የሰው የግብር መረጃ የያዘ ማሽን የደህንነት ማሻሻያ ሳያገኝ እንዲቆይ ስላልፈለግሁ ወደ 11 አፕግሬድ አደረግሁት። አፕግሬዱ በሰላም አለቀ። ችግሩ የመጣው ኢንተርኔት ስጠቀም ነው። የስልኬን ሆትስፖት አገናኝቼ ከበድ ያለ ፋይል መላክ ስጀምር ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆንና አንብቤ ሳልጨርስ ሪስታርት ያደርጋል።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ክዳኑን ሳይከፍት "እህት፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው" አለኝ። ምን እንደሚዘጋው ጠየቅሁት። "ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነው" አለ፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ ፎርማት ማለቱ አይደለም፤ ሳያይ ማለቱ ነው። ምክንያቱም የሚታይ ነገር ነበር።

ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዋን ቅጽበት መዝግቦ ነው የሚወድቀው። መዝገቡ በሲ ድራይቭ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሚኒደምፕ በሚል ስም ይቀመጣል። ፋይሉን በራሳችሁ ብትከፍቱት ምንም አይነበብም። ብሉስክሪንቪው የምትሠራው ይህንኑ አንብቦ ማሳየት ነው።

ስትከፈት መስኮቷ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከላይ እያንዳንዱ ውድቀት በየመስመሩ ይደረደራል፦ ቀንና ሰዓቱ፣ የስህተቱ ስም፣ ቁጥሩ፣ "ይህ ድራይቨር ነው ያመጣው" የሚል ግምት። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ እንደ ዋይፋይ ካርድና ፕሪንተር ካሉ ዕቃዎች ጋር የሚግባባበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከታች ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሚሞሪ ላይ የነበሩ ድራይቨሮች ይዘረዘራሉ። ከመካከላቸው በውድቀቱ ዱካ ውስጥ የተገኙት በሮዝ ቀለም ይታያሉ። ሮዞቹን እዩ፤ ቁም ነገሩ እነሱ ጋ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ከላይ የተደረደሩት መስመሮች በሙሉ አንድ ፋይል ነበር የሚጠሩት። ከታች ወርጄ ያንኑ ፋይል ሳየው መግለጫው የዋይፋይ ካርድ ድራይቨር ይላል።

እሱን ይዤ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ከነድራይቨራቸው የሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማናጀር ገባሁ። የድራይቨሩ ቀን በፈረንጆቹ 2018 ነው። ዊንዶውስ 11 ለሕዝብ የወጣው በ2021 ስለሆነ ድራይቨሩ ከሲስተሙ ይቀድማል ማለት ነው። ያም ሆኖ ለማረጋገጥ ዋይፋዩን ዲሴብል አድርጌ ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኘሁና ኢንተርኔቱን በዚያ ተጠቀምኩ። ያው ፋይል፣ ያው መጠን፣ ምንም አልተዘጋም። ከዚያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ ሞዴሉን ፈልጌ አዲሱን ድራይቨር አወረድኩ፣ አሮጌውን ከነፋይሉ አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ያ ስክሪን አልመጣም። ፒችትሪም ሆነ ደረሰኞቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። "ድራይቨር በአንድ ክሊክ አድስልሃለሁ" የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን አደራ፣ አትጫኑ። ላያችሁት ችግር መፍትሔ ሳይሆኑ ሌላ ችግር ይጨምራሉ።

አሁን ጉድለቷን ልንገራችሁ፤ ጉድለት አላት። ግምቷ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ የዊንዶውስን ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት ራሱን፣ ጥፋተኛ አድርጋ ታቀርባለች። ከርነሉ አብዛኛውን ጊዜ አደጋው የደረሰበት ቦታ እንጂ አድራሹ አይደለም። አንድ መስመር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ የሚደጋገመውን ፈልጉ። የስህተቱ ስም በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነና ተጠያቂው ፋይልም አንድ ካልሆነ ራም ወይም ዲስክ መጠርጠር ነው። ያኔ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ሚሞሪ መመርመሪያ አስኪዱ። ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ መሆኗም ለብዙ ሰው እንቅፋት ነው።

ሌላው፣ ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብላችሁ ክፈቷት። አሁንም ባዶ ከሆነ ዲስኩ ሞልቶ መዝገብ መጻፊያ ቦታ አጥቶ ይሆናል፤ ወይም የዲስክ ማጽጃ ፕሮግራም ጠርጎት ይሆናል። ላፕቶፑ ሰማያዊ ሳያሳይ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን ብሉስክሪንቪው ምንም አትነግራችሁም። እንዲህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ የሙቀት፣ የቻርጀር ወይም የባትሪ ጉዳይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ስንት ጊዜ በ"ዊንዶውስ ተበላሸ" ስም ፎርማት እንደሚደረግ አስቡት።

ለዚህ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣ ሌላ መሣሪያ አለ። ስታርት ላይ ሪላያቢሊቲ ብላችሁ ብትጽፉ የሪላያቢሊቲ ሂስትሪ ይወጣል። የየቀኑን ውድቀት በቀይ ምልክት፣ የተጫነውን ነገር ደግሞ ከሥሩ ያሳያል፤ ለማሽኑም ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ቀዩ የጀመረው ከየትኛው ማሻሻያ በኋላ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ ተጠቀሙ፦ ይኸኛው መቼ እንደጀመረ፣ ብሉስክሪንቪው ደግሞ ማን እንዳመጣው።

ስክሪኑ አልነበብ ካላችሁ ከሲስተም አድቫንስድ ቅንብሮች፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ በራሱ ሪስታርት የሚያደርገውን ምልክት አንሱ። ከ2025 አጋማሽ በኋላ በመጡት ማሻሻያዎች ደግሞ ሰማያዊው ጥቁር ሆኗል። ስለዚህ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብታዩ ያው ነው፤ የስህተቱን ስም ፎቶ አንሱት።

ፎርማት ምንም የማይፈይድበት ጊዜም አለ። በ2024 የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ማሻሻያ ሲወጣ ኤስኤን770 እና ኤስኤን580 የሚባሉት የዌስተርን ዲጂታል ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲዎች ያላቸው ሰዎች ሰማያዊ ስክሪን ይደጋገምባቸው ነበር። ምክንያቱ ዲስኩ ከራም የሚበደረው ቦታ ከ64 ሜጋባይት ወደ 200 ከፍ ማለቱ ነው። የፈታው የዲስኩ ፈርምዌር፣ ማለትም ዲስኩ ውስጥ ያለው የራሱ ፕሮግራም፣ ማሻሻያ ነበር። ያንን ማሽን አሥር ጊዜ ፎርማት አድርጋችሁ ያንኑ ዊንዶውስ ብትጭኑበት ያው ነው።

አፕግሬድ ያደረጋችሁ በቅርቡ ከሆነ ደግሞ ቀኑን አስቡ። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ የድሮው ሲስተም ፋይሎች ይጠፋሉ። የጎደለ ድራይቨር አምራቹ ጨርሶ ካላወጣላችሁ በእነዚህ ቀናት ውስጥ መመለስ ይሻላል። ከመመለሳችሁ በፊት ዳታችሁን ውጭ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ለእኔ ብሉስክሪንቪው ከአምስት አራት ተኩል ታገኛለች። ግማሿን የቀነስኩት በከርነሉ ጉዳይ ነው። ድራይቨር መነካካት የምትፈሩ ከሆነም ትጠቅማችኋለች። ቪው በሚለው ሜኑ ውስጥ ዝርዝሩን በኤችቲኤምኤል ሪፖርት የሚያወጣ ምርጫ አለ። ሪፖርቱን ለቴክኒሻኑ በቴሌግራም ላኩለትና የትኛው ፋይል እንደሆነ፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት። ፋይሉን በስም ጠርቶ ካልመለሰላችሁ ሌላ ቴክኒሻን ፈልጉ።