የመስኮት መዝጊያ ለምታሠሩ፦ እኚህን አናጺ ላመስግን

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ይህን ምስጋና አምና ኅዳር ላይ ልጽፍ ነበር፤ ቆይ፣ መዝጊያዎቹ ክረምቱን ይለፉት ብዬ አቆየሁት። አለፉት።

ቤታችን ሽምብጥ ነው። ከአምስቱ መስኮቶቻችን ሁለቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ምጣድ ይሆናል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ንፋስ የሚገፋው ዝናብ በመስታወቱ ጥግ ይሰርጋል። ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ያስፈለገን ለዚህ ነው። ካቻምና አንድ የእንጨት ሥራ ቤት (ስሙ ይቅር) ውስጥ አሠርቼ ነበር። አንዱን መስኮት ለክተው አምስቱንም በዚያው ልክ ቆረጡ። ክረምት ላይ አብጦ አልዘጋ አለ፤ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ከሳሎን ሆኜ የጎረቤትን ግቢ አይ ጀመር።

ዓባይ ማዶ ያሉትን እኚህን ጋሼ ጎረቤት ጠቆመችኝ። ራሳቸው መጡ። እያንዳንዱን መስኮት ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ለኩ፤ ቁመቱንም እንዲሁ፤ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ። አራተኛው ላይ ሁለቱ ሰያፎች በ2 ሳንቲም ተለያዩ፤ ማዕዘኑ ልክ አልነበረም ማለት ነው። «ልጄ፣ ግንበኛሽ ቸኩሎ ነበር» ብለው እርሳሱን ጆሯቸው ላይ መለሱት።

እኔ ለዋጋው ብዬ ኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ ሰሌዳ) አስቤ ነበር። ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ይላላጣል አሉ። ባሕር ዛፍስ? «ለአጣና ጥሩ ነው፤ ለመዝጊያ ይጣመማል።» ዋንዛ ላይ ተስማማን።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቦታቸው ወሰዱኝ። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት ቆርቆሮ ሥር ተደርድሯል። ጫፉ ላይ የተደረደረበት ወር በእርሳስ ተጽፏል። 2.5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የደረቀው ለሦስት መስኮት ብቻ ይበቃ ነበር፤ የቀረው ጫፉ ላይ «ሚያዝያ» ይላል፣ እኛ ያለነው ጥቅምት ላይ። ጨምሬ ልክፈልና ሁሉም አሁን ይሠራ አልኩ። «እንጨት በብር አይደርቅም» አሉኝ። የሦስቱን ቀብድ ብቻ ተቀብለው የሁለቱን መለሱልኝ። እውነት ለመናገር በጣም ተናድጄ ነበር የወጣሁት። ዛሬ የማመሰግናቸው ግን በዋናነት ለዚያች ቀን ነው።

አሠራሩን ቆሜ አየሁ። ዙሪያው ክፈፍ በወንዴና ሴቴ (የአንዱ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ እየገባ) ተጋጥሞ በኮላ ይያዛል። የመሐሉ ጣውላ ግን ኮላ አይነካውም፤ ክፈፉ ውስጥ በተቦረቦረ መስመር ገብቶ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በስፋቱ ነው እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው፤ ሲታሰር ይሰነጠቃል። የፊተኞቹ መሐሉን በኮላና በሚስማር ጠፍረውት ነበር። ለካ!

ሲገጠም በሁለቱ ተካፋቾች መሐል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረ። ተበላሸ ብዬ አጉረመረምኩ። «ነሐሴ ላይ እዪው» አሉ። ነሐሴ ላይ የልጄን ደብተር ቅጠል በመሐሉ አስገባሁ፤ እየታከከ አለፈ። መዝጊያው ግን በአንድ ጣት ይከፈታል።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ዘግይተዋል፤ ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። ቫርኒሹንም ፀሐይ በሚመታው በኩል በየጊዜው ማደስ የእናንተ ሥራ ነው፤ እሱን ሳይደብቁ ነው የነገሩኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው ፈቅደዋል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ደውሉ፤ መላጊያው ከተነሣ በኋላ አይሰሙም።