አምስተርዳም ወይስ ሮተርዳም?
ወደ ኔዘርላንድስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ መንገደኛ፣ በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚራራቁት አምስተርዳምና ሮተርዳም የአንድ አገር ከተሞች መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል። አምስተርዳም በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተቆፈሩ የውሃ ቦዮቿ ዳር ጠባብና ረጃጅም ቤቶችን ደርድራ ትቀበለዋለች፤ የቤቶቹ ደረጃ እጅግ ቀጥ ያለና ጠባብ በመሆኑ፣ ከባድ የቤት ዕቃ ከጣሪያው ሥር በተተከለ መንጠቆ በገመድ እየተጎተተ በመስኮት ይገባል። (የብስክሌት መንገድ ላይ ቆሞ ይህንን የሚያደንቅ እንግዳ ግን የደወል ቁጣ ይወርድበታል።) ሮተርዳም በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 14 ቀን 1940 የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች መሃሏን ስላወደሙት፣ አሮጌውን መልሳ ከመገንባት ይልቅ ወደ አዲስ አሠራር አዘንብላለች፤ በ1996 የተከፈተው የኤራስመስ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በውበት አምስተርዳም ትበልጣለች፤ ሳይጋፉ መራመድ ለሚወድ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ሮተርዳም ትመረጣለች።