ለአዲስ አበባ ክረምት የትኛው ጃንጥላ ይሻላል?

በአገራችን አየሩ የከፋው የት ነው ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ዳሎል ነው። ያለምክንያት አይደለም፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት ሌሊቱም ቀኑም፣ በጋውም ክረምቱም ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር። ጋምቤላ የሚል አለ፣ ደብረ ብርሃን የሚልም አለ። አዲስ አበባን የሚጠራ ግን አይገኝም። ዕቃ ገዝቶ አየሩን ለመቋቋም ለሚያስብ ሰው ይህ ፍርድ ይገለበጣል። ዳሎል የሚወርድ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ሙቀት። በሐምሌ ከአራት ኪሎ ለገሃር የሚመላለስ ሰው ግን ጠዋት ብርድ፣ እኩለ ቀን ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ በአንድ ቀን ይፈራረቁበታል። ለዕቃ ከዚህ የከፋ አየር የለም ብለን እናምናለን። ይህን ሁሉ እንዲችል የሚጠበቅበት ዕቃ ደግሞ ጃንጥላ ነው።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ የሞቀው አየር ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይቋጥራል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ዶፉ ነፋስ ይዞ ስለሚመጣ በጎንም ይመታል። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ሰፊ መንገድ ነው፤ ነፋሱን የሚሰብርለት ነገር ጥቂት ነው። የአንድ ጃንጥላ እውነተኛ ፈተና እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚገዛው ባለ ሦስት እጥፋቷን ትንሽ የቦርሳ ጃንጥላ ነው። ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው የሚመጡት እሷኑ ነው። ትቀላለች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ቁልፏ ሲጫን ራሷ ትዘረጋለች። ችግሯ መገጣጠሚያዋ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከሦስት ቁራጭ የተሠራ ሲሆን ቁራጮቹን የሚያያይዟቸው ቀጫጭን የብረት ሚስማሮች ናቸው። ስምንት ሽቦ ሲኖራት ሊላሉ የሚችሉ መገጣጠሚያዎች ከ16 ይበልጣሉ ማለት ነው። ነፋስ ከሥር ሲገባ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው በመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ የምትሰበረውም ሁልጊዜ እዚያው ነው። ዘንጓም እርስ በርሱ የሚገባ ስስ ቧንቧ ስለሆነ አንዴ ከተጣመመ አልዘጋም ይላል። ሞላዋ ደግሞ ሲዘጋ እስከ መጨረሻው ካልተገፋ ተመልሶ ይፈናጠራልና ፊትን ከዘንጉ አቅጣጫ ዞር አድርጎ መዝጋት ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለፀሐይና ለድንገተኛ ካፊያ ትበቃለች። ለሐምሌ ግን አንመክራትም፣ ርካሽ ናት ተብሎ በአንድ ክረምት ሦስቴ መግዛት ከአንዱ ደህና ጃንጥላ ይብሳል።

ለክረምቱ የሚሆነው የማይታጠፈው ረጅም ጃንጥላ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ሽቦው ብረት የሆነው ነፋስ ሲመታው ይጣመማል፣ ሲቃና ይደክማል፣ በሦስተኛው ይሰበራል። ሁለተኛው፣ ሽቦው ፋይበር ግላስ (በፕላስቲክ የተያያዘ የመስታወት ክር) የሆነው ግን እንደ ቀስት ለጥጦ ይመለሳል፤ ተገልብጦ እንኳ ቀስ ብሎ ሲመለስ ቅርጹን አያጣም። ልዩነቱን በዓይን መለየት ይቻላል። የብረቱ ሽቦ መሃሉ እንደ አሸንዳ ቦይ ያለው ሲሆን ፋይበር ግላሱ ድፍንና ድቡልቡል ነው፣ ማግኔትም አይዘውም። ሻጭ «ፋይበር ነው» ሲል ከጫፍ እስከ ዘንጉ ድረስ በጣት መከተል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ብቻ ፋይበር ሆኖ ዋናውን ጫና የሚሸከመው የውስጡ ክፍል ያው ቀጭን ብረት ነው።

«ባለ 16 ሽቦ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ገዢን በቁጥር ያታልላል። ቀጫጭን ብረት 16 ቢሆን የሚዝግ መገጣጠሚያ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ክብደቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ወፍራም ፋይበር ግላስ ስምንት ይበልጠዋል። የሽቦው ርዝመት ከ58 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሰው ከነቦርሳው ይጠለልበታል። 75 የሚደርሰውና ጨርቁ ድርብ የሆነው ትልቁ ጃንጥላ በመካከሉ ባለው ክፍተት ነፋሱን ስለሚያሳልፍ በጥንካሬው የሚወዳደረው የለም፤ ሆኖም በሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ዓይን ይወጋል፣ ሚኒባስ ውስጥም ማስቀመጫ የለውም። መኪና ላለው ወይም ቆሞ ለሚሠራ፣ ለምሳሌ ለፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ትክክለኛው እሱ ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው የላስቲክ ጃንጥላ ፀሐይ ስለማይከልል ለዚህ ከተማ ግማሽ ዕቃ ነው።

ፀሐዩን አቅልሎ ማየት ስህተት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታየው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም አዲስ አበባ ላይ ጨረሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ይበረታል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች። ስለዚህ ጨርቁ ሽፋን የተቀባ መሆን አለበት፤ ውጩ ብርማ ውስጡ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፣ ጥቁሩ ከአስፋልት የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ይውጣልና። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጃንጥላውን ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ከሥሩ እጃችሁን አድርጉ። ያረፈበት ጥላ የጨርቁን ቀለም ከያዘ ብርሃን እያሳለፈ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ቢቸኩልም አምስት ደቂቃ መውሰድ ይገባል። መጀመሪያ አምስት ስድስት ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት፤ መቀርቀሪያው «ቀጭ» ብሎ ካልያዘ ተዉት። እጀታውን ይዛችሁ ቀኝና ግራ ወዝውዙት፤ አናቱ ከዘንጉ ተለይቶ የሚጫወት ከሆነ በአንድ ወር ይላቀቃል። ከዚያ ከሥር ሆናችሁ ወደ ብርሃን እዩ። በስፌቱ መስመር የመርፌ ቀዳዳዎች ጎልተው ከታዩ ውሃ ያስገባሉ። ከሁሉ በላይ አናቱ ላይ ያለችውን ቆብ መርምሩ፤ ከሥሯ ጎማ ወይም ድርብ ጨርቅ ከሌላት ውሃው ዘንጉን ተከትሎ እጅጌ ውስጥ ይወርዳል። የየሽቦውን ጫፍ በጣት ሳብ ሳብ አድርጉ፤ ክሩ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የዞረ መሆን አለበት። በመጨረሻ ከያዛችሁት የውሃ ጠርሙስ ጥቂት ጠብ አድርጉበት፤ ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ መውረድ አለበት፣ ከሰረገ ጨርቁ አይረባም።

ጃንጥላን የሚገድለው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ እርጥቡን አጥፎ ማስቀመጥም ነው። ሚስማሮቹ የሚዝጉት፣ ጨርቁም ሻጋታ የሚያወጣው ያኔ ነው። ቤት ሲገባ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ፣ ከፈት ብሎ ጥላ ቦታ ይድረቅ፤ እርጥቡን ወጥሮ መተው ስፌቱን ያላላዋል። በወር አንዴ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ጫፉ ከተፈታ በናይለን ክር ድርብ አድርጎ መስፋት ይቻላል። አንድ ሽቦ ከተሰበረ መንገድ ዳር ለሚሠሩት ጃንጥላ ጠጋኞች መውሰድ ነው፤ ከአሮጌ ጃንጥላ ነቅለው ይተኩታል። ስለዚህ አሮጌውን አትጣሉ። ዘንጉ ከተጣመመ ግን ጥገናው አያዛልቅም።

ይኸው ጃንጥላ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ዋጋው ይለወጣል። ዳሎል ላይ የጨዋማው አየር ብረቱን በፍጥነት ይበላዋል፤ ጥላውም የፀሐዩን ግለት ይቀንሳል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ ነፋሱ ራሱ ያሞቃል፤ የሚያቀዘቅዝ የሚተነው ላብ ብቻ ነው። እዚያ ከጃንጥላ ይልቅ ሰፊ የጥጥ ልብስና ብዙ ውሃ ይሻላል። ጋምቤላ በዝናቡ ወራት ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ ላብ አይደርቅም፤ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ውስጥ የገባ ሰው ከውስጥ ይርሳል። ስለዚህ እዚያም ረጅሙ ጃንጥላ ነው የሚሻለው። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ይለቅና ውርጭ ይጥላል፤ ለዚያ መፍትሔው ከሸማ ተራ ወይም ከሽሮ ሜዳ የሚገዛ ድርብ ጋቢ ነው።

ስለ እግር አንድ ነገር እንጨምር። የትኛውም ጃንጥላ ከጉልበት በታች አያድንም። ከቸርችል የሚወርደው ጎርፍ ለገሃር ሲደርስ ተራ ጫማን ስለሚውጥ ቦቲ ያስፈልጋል፤ ካልሲ ተደርቦ እንዲገባ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ግዙ። መብረቅ ሲጀምር ደግሞ በመስቀል አደባባይ ሜዳ ላይ የብረት ዘንግ ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ቁጠሩ፤ 30 ሴኮንድ ካልሞላ ጃንጥላውን አጥፋችሁ ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ።