3 ደቂቃ ከ40 የሚያስጠብቅ ድራም

የ1980ዎቹን የምዕራብ ፖፕ የሚያስጠላው ስኔሩ፣ ማለትም ስል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ ነው። ከመግቢያው እስከ መውጫው ያው ‹‹ጧ!›› ነው፤ ዘፈኑ የፍቅር ይሁን የጭፈራ ግድ የለውም። የሚያስቀው ግን ይህን ድምፅ በየስቱዲዮው ያዛመተው ዘፈን ራሱ ከዚያ ዘመን ተመርጦ የሚቀመጥ መሆኑ ነው፦ የእንግሊዛዊው ድራም መቺና ዘፋኝ የፊል ኮሊንስ ‹‹ኢን ዚ ኤር ቱናይት››፣ እ.ኤ.አ. 1981።

ድምፁ የተገኘው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ በለንደኑ ታውንሃውስ ስቱዲዮ፣ ኮሊንስ ለዘፋኙ ፒተር ገብርኤል አልበም ድራም ሲመታ። ድራሙ ያለው ግድግዳው ድንጋይ የሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ተጫዋቹና የድምፅ ባለሙያው እንዲነጋገሩበት የተሰቀለው ማይክ ደግሞ ኃይለኛ ኮምፕረሰር አለበት፤ ጮክ ያለውን ይጫናል፣ ደካማውን ያወጣል። የክፍሉ ማስተጋባት በዚህ ያብጣል፤ ገና ሳይረግብ ኖይዝ ጌቱ፣ ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ የሚዘጋው መሣሪያ፣ ቆርጦ ይዘጋዋል። ግዙፍ፣ ግን ጅራት የሌለው ምት ይቀራል።

በዚህ ዘፈን ታዲያ ያ ምት አይቸኩልም። ሲአር 78 የምትባለው የሮላንድ ሪትም ማሽን ብቻዋን ትንሿኳኳለች፤ ከሥሯ የፕሮፌት 5 ሲንተሳይዘር ሬ ማይነር ላይ ተኝቷል። ኮርዶቹ ከሦስት እምብዛም አያልፉም። ድምፃዊው ንዴቱን ውጦ ያንጎራጉራል። (ዘፈኑ ሰው ሲሰምጥ ዝም ብሎ ስላየ ሰው ነው የሚባለው ወሬ ውሸት ነው፤ የትዳር መፍረስ የወለደው ግጥም ነው።) 3:40 አካባቢ ቶሞቹ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ከበሮዎች፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይወድቃሉ፣ ግድግዳውም አብሮ ይናዳል። የተከተሉት ዘፋኞች ምቱን ወሰዱ፣ ጥበቃውን ጣሉት።

ስትገዙ ወይም ስታወርዱ ‹‹ፌስ ቫልዩ›› አልበም ላይ ያለውን፣ 5 ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚሄደውን ምረጡ። በነጠላ ዜማ የወጣው ቅጂ ላይ በአሳታሚው ፍላጎት ቀድሞ የሚገባ ድራም ስለተጨመረበት ዋናው ምት ሲመጣ አያስደነግጥም።

ሌላው ስህተት ቮልዩም ነው። መግቢያው ቀጭን ስለሆነ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ 3:40 ላይ ጆሮውን ይይዛል። መጀመሪያ ወደ 3:45 ሂዱ፣ ልኩን እዚያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ መነሻው ተመለሱ። በስልክ ስፒከር አትሞክሩት፤ የቶሞቹ ሆድ ጠፍቶ ጣውላ ሲንኳኳ ነው የሚሰማው።

እንከን አለው፦ ድራሙ ከገባ በኋላ አዲስ ነገር አይመጣም፤ መዝጊያው ያንኑ እየደጋገመ ቀስ ብሎ ይጠፋል። 4:45 ላይ ቢያቆም ኖሮ አንድም ሰው ባልከፋው።