ሆም ቴአትር ወይስ አምፕ ከሁለት ስፒከር ጋር? ለኮንዶሚኒየም ሳሎን

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፤ ስታጨበጭብ ቤቱ መልሶ ያጨበጭብልሃል። በዚሁ ሳሎን ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ አምስት ስፒከር ከነሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ድምጽ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ሳጥን) ያለው ሆም ቴአትር፣ ኋላ ደግሞ ያገለገለ አምፕ (ድምጹን አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠው ማሽን) ከሁለት መካከለኛ ስፒከር ጋር።

ሆም ቴአትሩ ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ልብ ይወስዳል፣ ቤዙ ደረት ይመታል። ቤት አምጥቼ በገና ስከፍትበት ጉዱ ወጣ። በገና 10 አውታር አለው፤ ያንን እንደ ንብ የሚነዝር ድምጽ የምትሰጠው ከአውታሩ ስር ያለችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ ናት። ስለዚህ ድምጹ ከታች ወፍራም ነው፣ ከላይ ደግሞ ቀጭን ንዝረት አለው፣ ሁለቱም አንድ ላይ መምጣት አለባቸው። ትንንሾቹ ስፒከሮች አፋቸው የቡና ስኒ ስለሚያህል ወፍራሙን አይችሉትም፣ ለሰብዉፈሩ ይተዉለታል፤ እሱ ደግሞ አንድ ኖታ ብቻ የሚያውቅ ይመስል ሁሉንም «ዱም» ያደርገዋል። መሃል ላይ የወንድ ድምጽ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ቀረ። ደርዳሪው ጉንፋን የያዘው መሰለ። ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ግን ቤዙን በደንብ ሰምተውታል፣ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን እየመቱ ነገሩኝ።

ለፊልም ከሆነ ግን ሆም ቴአትሩ ይበልጣል። ንግግሩ ከቲቪው መሃል ይወጣል፣ የኳስ ሜዳው ጩኸት ዙሪያህን ይከብሃል። ኳስና ፊልም ብቻ ለሚያይ ሰው ሌላ አልመክርም።

አምፑ ላይ የታሰሩት ሁለቱ ስፒከሮች ወደ ወፍራሙ ድምጽ ያን ያህል አይወርዱም፣ ቤዝ ወዳጅ ቅር ይለዋል። ማሲንቆው ግን ማሲንቆ ነው፤ የፈረስ ጭራው አውታሩን ሲፍቀው ይሰማሃል። ከበሮውም መዳፍ ሲያርፍበትና ሲለቀው ይለያል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን አምፑ ላይ ያፈሳል። እኔ አልስማማም። ደህና የሚባሉ ሁለት አምፖች በቤት ድምጽ ልክ ሲከፈቱ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፣ ስፒከር ስትቀይር ግን ሌላ ሙዚቃ የከፈትክ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፒኤምፒኦ እርሳው፣ ለቅጽበት ብቻ የሚባል የተጋነነ ቁጥር ነው፤ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ፈልግ። ዋት እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምጽ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ስፒከሩ ላይ የተጻፈው ዴሲቤል ደግሞ በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግርሃል። 90 ዴሲቤል የሚል ስፒከር በ50 ዋት የሚሰጥህን ድምጽ፣ 87 የሚለው በ100 ዋት ነው የሚሰጥህ። ኦሙንም እይ፣ ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም ማለት ነው፤ አምፑ ከ8 በታች አልችልም ካለ ባለ 4 ኦም ስፒከር አታስረው፣ ይግላል።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ መጀመሪያ ጀርባውን አንብብ። የመጀመሪያው አምፔ የ110 ቮልት ነበር። ሻጩ አልነገረኝም፣ እኔም አላየሁም፤ ሶኬት ላይ ስሰካው ጭሱ ሳሎኑን ሞላው። የእኛ መብራት 220 ነው፣ እሱም በየምሽቱ ሲወዛወዝ ነው የሚያድረው። ስለዚህ የትኛውንም ግዛ፣ የመብራቱን መወዛወዝ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ጨምርበት። ክላስ ኤቢ የሚባለው የድሮው አምፕ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ይሞቃልም። ክላስ ዲ የሚባለው ሌላው የአምፕ ዓይነት ቀላል ነው፣ ብዙም አይሞቅም፤ እኔ አሁን የምጠቀመው እሱን ነው፣ ጆሮዬም አልከፋውም።

በጀቱ ለአምፕም ለስፒከርም የማይበቃው ሰው አምፑ ውስጡ ያለ ጥንድ ስፒከር ይግዛ። ሱቅ ስትሄድ ስልክህ ላይ ከልጅነትህ ጀምሮ የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ የሚከፍትልህ ቤዙ እንዲመታ የተመረጠ ነው። ቤት ስታስገባው ደግሞ ግድግዳ ላይ አትለጥፈው። በተለይ ጀርባው ቀዳዳ ያለው ስፒከር ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ ያብጣል፤ እኔ አንድ ክንድ ያህል ስቤ መሃል ላይ ምንጣፍ ካነጠፍኩ ወዲህ የእማማ መጥረጊያ ጸጥ ብሏል።