ለኪራይ የሚሆን የመጀመሪያ ቤት፦ ያለቀ ኮንዶሚኒየም ወይስ በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ?

ቆጥቦ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ምርጫ መሃል ይቆማል። አንዱ ሰሚት፣ ጀሞ ወይም ጎተራ ያለ፣ ሰው የኖረበት ኮንዶሚኒየም ነው። ሌላው ከሪል እስቴት ድርጅት በቅድመ ክፍያ የሚያዝ፣ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ያለ አፓርታማ። ሁለቱንም በቅርብ አይቻለሁና ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ያላችሁ ገንዘብ ይኸው ብቻ ከሆነ ያለቀውን ግዙ።

ምክንያቴ ጊዜ ነው። እኅቴ በ2 ዓመት ትረከቢያለሽ የተባለችውን አፓርታማ የተረከበችው በ5ኛው ዓመት ነው። እስከዚያው ራሷ ተከራይ ስለነበረች ለድርጅቱም ለአከራይዋም ስትከፍል ኖረች። ቁልፍ በተቀበለች ቀን ሜትር ይዘን ገባን። ውሉ 85 ካሬ ይላል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንለካው 68 ሆነ። ቀሪው 17 ካሬ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ ነው አሉን። በካሬ 100 ሺህ ብር ቢታሰብ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የተጣራውን የውስጥ ስፋት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የኮንዶሚኒየሙንም በሜትር ለኩ።

አፓርታማው ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ክፍያው በየደረጃው ነው፤ ሊፍት፣ ጄኔሬተርና መኪና ማቆሚያ ያለው ሲሆን ደህና ተከራይ ያመጣል። ቋሚ ገቢ ኖሮት ለኪራዩ የማይቸኩል ሰው ቢገባበት አልቃወምም። ግን ከመፈረሙ በፊት የቦታው ካርታ በድርጅቱ ስም መሆኑን፣ በባንክ መያዣነት አለመያዙን፣ የግንባታ ፈቃዱ እሱ የሚገዛውን ፎቅ ማካተቱን ያጣራ። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹንም ደጋግሞ ያንብብ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሊፍትና የፊኒሺንግ ዕቃ ስለተወደደ፣ ያ አንቀጽ ልል ከሆነ ጭማሪው ገዢው ላይ ያርፋል። የመዘግየት ቅጣቱ በቁጥር ያልተጻፈበትን ውል እኔ አልፈርምም።

የኮንዶሚኒየም አደጋ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው ቤቱን መሸጥ አይችልም። ደላላው "በውክልና እንጨርሰዋለን" ቢላችሁ አትስሙት፤ ሻጩ ቢሞት ውክልናው ይቋረጣል፣ እናንተም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ። 5 ዓመቱ የሞላውም ቢሆን የባንክ ዕዳው መዘጋቱን የሚያሳይ ደብዳቤና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ግድ ነው። የቤት ሽያጭ ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ካልተፈረመ ሰፈር ውስጥ በምስክር ፊት መፈራረሙ አያድናችሁም።

ኪራዩን በተመለከተ ሁለቱም ቤቶች በአንድ ሕግ ይገዛሉ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ነው። የመጀመሪያውን ኪራይ ስትተምኑ ይህን አስቡ፤ በኋላ እንደ ልብ ማስተካከል የለም።

ቤቱን ደግሞ ደላላው በቀጠራችሁ ሰዓት ብቻ አትዩት። ሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ ያየሁት አንድ ቤት ነበር፤ ቀለሙ አዲስ፣ ሴራሚኩ የሚያበራ። በረንዳው ላይ ግን ስድስት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ቧንቧውን ብከፍተው ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከታች ያሉትን እናት ስጠይቃቸው "ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው የምትመጣው ልጄ፣ እላይ ድረስ ግን አቅም የላትም" አሉኝ። ሊፍት በሌለው ሕንጻ ያን ሁሉ ውኃ ተሸክሞ የሚወጣው ተከራዩ ነው። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ።